የአባቷ ቃል እና አረንጓዴው ክኒን

ባልደረቦቿ «ይደገም» ይሏታል። ምግብና መድኃኒት በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ የቫይታሚን ክፍል ኬሚስት ናት፤ ቅጽል ስሙም የወጣላት እዚያው ነው። የሆነ ውጤት ቅር ካላት፣ ሰው ሁሉ ጋዋኑን ሰቅሎ፣ ቦርሳውን አንግቶ በሩ ላይ ቢቆም እንኳ ደንታ አይሰጣትም። «ይደገም» ትልና ጓንቷን መልሳ ታጠልቃለች። «ሠርጓ ላይ ቃል ስትገባም ‹ይደገም› ብላ ታሳፍረናለች ብለን ሰግተን ነበር» እያሉ እስከ ዛሬ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች። ግን ከእጇ የወጣ ውጤት ኋላ ላይ ስህተት ሆኖ ሲገኝ ያየ ሰው የለም።

አባቷ ጡረታ የወጡ ሥጋ ሻጭ ናቸው። ዕድሜያቸውን ከቢላና ከመንጠቆ ጋር ጨርሰው ሱቁን በዘጉ ማግስት ሥጋ መብላትም ተዉ። «በቃኝ፤ ያሸተትኩት ይበቃኛል» አሉ፤ የቀለዱ መስሎት ቤተሰቡ ሳቀ፤ እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር። ወተት ሆዳቸውን ይነፋቸዋል። እንቁላል ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓይናቸው አያየውም። እንዲህ ሲኖሩ ሲኖሩ ፊታቸው እየገረጣ፣ ደረጃ መውጣት እያቃታቸው መጣ። ሐኪሙ ደማቸውን አስመርምሮ ቫይታሚን ቢ-12 እንዳነሳቸው ነገራቸው። «ይሄ ቫይታሚን ያለው ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ውስጥ ነው። እነሱን ካልበሉ መርፌ እንወጋዎታለን» አላቸው።

ሥጋ ሻጩ መርፌ ይፈራሉ። ግማሽ በሬ በትከሻቸው ተሸክመው ይገቡ የነበሩት ሰው የመርፌ ክዳን ሲነቀል ድምፁን ከሰሙ ዓይናቸው በሩን ይፈልጋል። ስለዚህ ሌላ መንገድ ፈለጉ፤ ተገኘም። ሰፈሩ ፋርማሲ ውስጥ በኩሬ ከሚለማ አልጌ የተሠራ አረንጓዴ ክኒን ይሸጣል። ጠርሙሱ ላይ «በተፈጥሮ ቢ-12 የበለጸገ» ይላል፤ ላቦራቶሪ ያረጋገጠው ለመሆኑም ማኅተም አለበት። ሐኪሙም ማኅተሙን አይቶ «እንግዲህ ይሞክሩት፤ ግን አንድ ቀን እንዳያስታጉሉ» ብሎ ፈቀደላቸው።

አላስታጎሉም። ጠዋት ጠዋት ፊታቸውን ታጥበው መስኮቱ አጠገብ ይቆሙና ክኒኑን በአንድ ብርጭቆ ውሃ ያወርዱታል። ግን ነገሩ ወደ ኋላ ሄደ። «ጥጥ ላይ የምራመድ ይመስለኛል» ማለት ጀመሩ። ነጠላ ጫማቸው ከእግራቸው ወልቆ በረንዳው ላይ ቀርቶ፣ እሳቸው ሳያውቁት ባዶ እግራቸውን ሳሎን ይገኛሉ። ምላሳቸው ቀልቶ ለሰለሰ፤ ትኩስ ነገር ሁሉ ያቃጥላቸዋል። አንድ ቀን የገዛ ቤታቸው ደፍ አደናቅፏቸው ወደቁ።

ይደገምና እናቷ ደግፈው ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። ሐኪሙ አዲሱን የደም ውጤት አይቶ ግንባሩን ቋጠረ።

«አባባ፣ ክኒኑን በትክክል ይወስዳሉ?»

«በየቀኑ።»

«በየቀኑ ከወሰዱማ እንዲህ መሆን አልነበረበትም» አለና ዓይኑን ወደ እናትየዋ መለስ አደረገ። ክፉ አላለም፤ ግን አተያዩ ብዙ ተናገረ። ለማንኛውም የነርቩ ጉዳት ሳይብስ መርፌው ዛሬውኑ ይጀመር አለ። አባትየው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተወጉ።

እናትየው እቤት እስኪደርሱ ታገሡ። በሩ ሲዘጋ ግን ፈነዱ።

«አንተ ሰውዬ፣ የት ነበር የምትጥለው? ወንበሩ ሥር አንዱን ክኒን ያገኘሁ ጊዜ ‹አምልጦኝ ነው› ብለህ ሸነገልከኝ! መርፌ ፈርተህ ክኒን አልክ፤ ክኒኑንም ትተህ እኛን ታታልላለህ?»

«ውጬዋለሁ አልኩሽ እኮ።»

«እሺ፣ እናያለን! መርፌ መቼም ወንበር ሥር አይጣልም! አሁን ከተሻለህ አለቀ፣ ስትዋሽ እንደነበር ታወቀ ማለት ነው።»

አባትየው ተቀመጡ። እጆቻቸውን እያዩ፣ «ስንት ዘመን በሚዛን ያላጭበረበርኩ ሰው፣ አሁን በክኒን ላጭበረብር?» አሉ። ድምፃቸው እንደ ሌላ ጊዜው አልነበረም።

ይደገም ወደ ኩሽና ስትገባ እናቷ ተከትለዋት መጡ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«አባዬ ወሰድኩ ካለ ወስዷል።»

«ታዲያ ለምን አልተሻለውም?»

«እሱን አላውቅም። ከሰውየው በፊት ግን ክኒኑ ይመርመር።»

በማግስቱ እቤት ያለውን ጠርሙስና ከፋርማሲ የገዛችውን ያልተከፈተ ሌላ ጠርሙስ ይዛ ወደ ኃላፊዋ ገባች። ኃላፊዋ ሠራተኛው ሁሉ «የባክቴሪያ እናት» የሚላቸው ትልቅ ሴት ናቸው። ያለ ቢ-12 ማደግ የማይችል አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አለ፤ እሳቸው እሱን እንደ ልጅ ሲያሳድጉ ነው የኖሩት። የምግቡ ወይም የመድኃኒቱ ጭማቂ ያለበት የመስታወት ቱቦ ውስጥ ባክቴሪያው ይጨመርና ሙቀት ያለው ሳጥን ውስጥ ያድራል። ቫይታሚን ካለ ባክቴሪያው ይራባና ፈሳሹ ይደፈርሳል፤ ከሌለ ጥርት እንዳለ ይቀራል። አሠራሩ ዘመን የፈተነው ነው። በአረንጓዴው ክኒን ጠርሙስ ላይ ያለው ማኅተምም የተሰጠው እዚሁ ላቦራቶሪ፣ በዚሁ ፍተሻ ነበር።

ቱቦዎቹ ከሳጥኑ ሲወጡ ጭጋግ የዋጣቸው ይመስሉ ነበር። የባክቴሪያ እናት ወደ መስኮቱ አንስተው አይዋቸውና «የኔ ልጅ፣ የአባትሽ ክኒን እንከን የለውም። እንዲያውም ከተጻፈው ይበልጣል» አሏት።

«ይደገም፣ እትዬ።»

ሳቁ፤ ደገሙላት። እንደገና ደፈረሰ።

ይደገም ምሳዋን ሳትበላ የቫይታሚን ክፍሉ ወንበር ላይ ተቀምጣ አሰበች። ክኒኑ ሙሉ ነው። አባቷም አልዋሹም። ሁለቱ አብረው እውነት ሊሆኑ የሚችሉበት መንገድ ይኖር ይሆን? ባክቴሪያው የሚበላውን ሁሉ ሰው ይጠቀምበታል ያለው ማነው? ይህን ስታስብ በአንድ ሥልጠና ላይ የሰማችው ነገር ትዝ አላት። አንዳንድ አልጌዎች ቫይታሚኑን የሚመስል፣ ግን ያልሆነ ነገር ይሠራሉ። ላይኛው ክፍሉ ቁርጥ ራሱን ነው፤ ሥሩ ላይ ያለችው ትንሽ ቁራጭ ብቻ ትለያለች። ለባክቴሪያው ያቺ ልዩነት ምኑም አይደለችም፤ እየበላ ይራባል። የሰው አካል ግን አይቀበለውም።

ይህን የሚለይ ዓይን ደግሞ እዚያው ክፍሏ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበራት።

ለሕፃናት ምግብና ለሽሮፕ መድኃኒቶች እንዲያገለግል ስትለፋበት የቆየችው አዲስ ፍተሻ ነው፤ ገና አልጸደቀም። የሚሠራው በአንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት የሚያመርተው መከላከያ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ነገር ብቻ ለይቶ ይይዛል፣ ሌላው አጠገቡ ቢያልፍም አይነካውም። ይህንን ጠባዩን ያስተዋሉ ተመራማሪዎች፣ ቫይታሚንን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ አስመርተው፣ አጥርተው፣ በብልቃጥ አስቀምጠውታል። የእሷው ደግሞ ያቺን የሥሩን ቁራጭ ካላገኘ የማይይዝ ዓይነት ነው።

ቢ-12 ብርሃን ስለሚያበላሸው መጋረጃውን ዘጋች፤ ድንግዝግዝ ባለው ክፍል ክኒኖቹን ፈጨች፣ አፈላች፣ አጣራች። ከዚያ መዳፍ የምታህለውን፣ ላይዋ በጥቃቅን ጉድጓዶች የተሞላውን ግልጽ የፕላስቲክ ሳህን አወጣች። የየጉድጓዱ ወለል ላይ ቫይታሚኑ ተለጥፏል። የክኒኑ ጭማቂና አንቲቦዲው አብረው ይጨመራሉ። ጭማቂው ውስጥ ቫይታሚን ካለ አንቲቦዲው እሱን ይዞ፣ ሲታጠብ አብሮ ይወጣል። ከሌለ ወለሉ ላይ ያለውን ይዞ ይቀራል። መጨረሻ ላይ የሚጨመረው ፈሳሽ ቀለም የሚያወጣው አንቲቦዲው በቀረበት ብቻ ነው። እንግዲህ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የደመቀው ባዶው፣ ውሃ መስሎ የቀረው ግን ሙሉው ነው።

አጠበች፤ ሳህኗን ገልብጣ በወፍራም የወረቀት ፎጣ ላይ ጠፍ፣ ጠፍ አደረገቻት። ቀለም አውጪውን ጨመረች። የአባቷ ክኒን ያለባቸው ጉድጓዶች ሰማያዊ ሆኑ። የቀለሙን ለውጥ የሚያቆመውን አሲድ ጠብ ስታደርግባቸው ደማቅ ቢጫ ሆኑ። ንጹሕ ውሃ ካለበት ጉድጓድ ጋር ልዩነት አልነበራቸውም ማለት ይቻላል።

የባክቴሪያ እናት ሳህኗን ተቀብለው ብዙ ጊዜ አዩዋት። የለፉበትን ሙያ የሚነካ ነገር ነው፤ ሌላ ቢሆን ይቆጣ ነበር። እሳቸው የጠየቁት ትክክለኛውን ጥያቄ ነው።

«የክኒኑ አረንጓዴ ነገር አንቲቦዲሽን አሳውሮት ቢሆንስ? ቫይታሚኑ እያለ ሳያየው ቀርቶ ቢሆንስ?»

ይደገም ቅር አላላትም። እንዲያውም ፊቷ በራ። ከሐኪም ቤት ለመርፌ የሚሰጠውን እውነተኛ ቢ-12 አመጣችና፣ ልኩን አውቃ ከተፈጨው ክኒን ጋር ቀላቀለችው። አረንጓዴው ነገር አንቲቦዲውን የሚያሳውረው ከሆነ፣ ይህንንም ማየት የለበትም። አየው። የጨመረችውን ያህል፣ ከሞላ ጎደል ሳይጎድል አገኘው። ከዚያ ፍተሻዋን ሁሉ ለሁለተኛ ጊዜ ደገመችው፤ የቢሮው ሰው ግን ያን ቀን አልሳቀባትም።

የባክቴሪያ እናት መነጽራቸውን አወለቁ። «ማኅተሙን የመታሁት እኔ ነኝ» አሉ በቀስታ። «ሰውየውን ጥሩልኝ። ከማንም ከመስማቱ በፊት ከእኛ ይስማ።»

ክኒኑን የሚያመርተው ሰውዬ በሠራተኛው ዘንድ «ባለ ኩሬው» ይባላል። ኩሬውን በገዛ እጁ የቆፈረ፣ እጅጌው ከአልጌው አረንጓዴ የማይለቅ ሰው ነው። ሲነገረው ከወንበሩ ተነሣ።

«የናንተው ማኅተም ነው! ትናንት ሙሉ ነው ብላችሁኝ ዛሬ ባዶ ነው ትሉኛላችሁ? እኔ ምን አድርጌ ነው?»

«ምንም አላደረጉም» አለችው ይደገም። «እኔን ግን አይመኑኝ። በራስዎ እጅ ይሥሩት።»

ጋዋን አለበሰችው። ጓንት አጠለቀችለት፤ ጣቶቹ ወፍራም ስለሆኑ ሲገባ ተቸገረ። ቀለሙ ምን ማለት እንደሆነ አስቀድማ በዝርዝር ነገረችው። ከዚያ ውሃ፣ የመርፌውን መድኃኒት፣ የእሱን ክኒን፣ እንዲሁም ከመድኃኒቱ ጋር የተቀላቀለውን የእሱን ክኒን፣ ሁሉንም በእኩል አዘጋጅታ ሰጠችው። «እኔ ስወጣ እንደፈለጉ በቱቦዎቹ ያከፋፍሏቸው። ከሥራቸው እርስዎ ብቻ የሚያውቁትን ምልክት ያድርጉ። ቀለማቸው እንዳያሳብቅ በጥቁር ላስቲክ ይጠቅልሏቸው» ብላው ወጣች። የባክቴሪያ እናት ከእሱ ጋር ቀሩ፤ አያግዙትም፣ ያያሉ እንጂ።

ስትመለስ ከየትኛው ቱቦ ምን እንዳለ ሳታውቅ ፈሳሽ በልክ በሚመጥጠው ፒፔቷ ወደ ጉድጓዶቹ አዛወረች። ሲጠብቁ ባለ ኩሬው ስለ ኩሬው ነገራት። ፀሐይ ሲበረታ አልጌው እንዴት ወደ ላይ እንደሚንሳፈፍ፣ ሲደርቅ እንዴት እንደ ሣር እንደሚሸት። ስታዳምጠው ቁጣው ረገበ። ሳህኗን ስትገለብጥና ጠፍ ስታደርግ እሱም ሳያውቀው አብሮ አንገቱን ነቀነቀ።

ቀለሙ መጣ። ሰማያዊው ቀስ እያለ፣ ከአንዳንዶቹ ሥር እየተነሣ። ከዚያ ቢጫ።

ይደገም በጣቷ እያሳየች፣ «እነዚህ ውስጥ ቫይታሚኑ አለ። እነዚህ ውስጥ ደግሞ የለም» አለችው። «አሁን ምልክትዎን ይዩ።»

ባለ ኩሬው ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ገለበጠ። መድኃኒቱ፣ አለ ካለችው ውስጥ ነው። ከመድኃኒቱ ጋር የተቀላቀለው ክኒኑም እንደዚያው። ውሃው የለም ካለችው ወገን ነው። ብቻውን ያለው ክኒኑ ደግሞ ከውሃው ጎን። መልሶ ገለበጣቸው፤ ምልክቱን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው፤ ሊለወጥለት አልቻለም።

«እናቴም ይሄንኑ ነው የምትወስደው» አለ።

የባክቴሪያ እናት ክንዱን ይዘው አስቀመጡት።

«ሁላችንም ተሳስተናል» አሉት። «የኔ ባክቴሪያ የሚመስለውንና የሆነውን አይለይም። ማኅተሙን ዛሬ እናነሣለን፤ ለምን እንደተነሣም የጥፋት ድርሻችንን ጨምረን እንጽፋለን። አንተ ደግሞ ክኒኑን ከያለበት ሰብስብ።»

ባለ ኩሬው ጋዋኑን ሳያወልቅ ስልኩን አወጣ። መጀመሪያ የደወለው ለእናቱ ነው፤ ሐኪም ዘንድ ዛሬውኑ እንዲሄዱ። ቀጥሎ ለፋርማሲዎቹ። ሰነባብቶ ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ «ከመደርደሪያ አውርዱት፤ የወሰደም ሰው ካለ ደሙን ያስመርምር በሉልኝ» እያለ ሲጮኽ ይሰማ ነበር። ሳይሸሽግ፣ ሳይለማመጥ አደረገው፤ ይደገም ከዚያ በኋላ ስሙ በተነሣ ቁጥር «እሱማ ሰው ነው» ትላለች።

ማታ ወላጆቿ ቤት ስትገባ እናቷ ልብስ ያጣጥፋሉ፤ አባቷ ሶፋው ላይ እግራቸውን ዘርግተዋል። ጫማዋን ሳታወልቅ ነገረቻቸው። እናትየው ገና ግማሹን ሲሰሙ ልብሱን ትተው ቆሙ።

«እንግዲያ ሲውጠው ነበር?»

«በየቀኑ፣ እማዬ። ሲውጠው የነበረው ግን ባዶውን ነው።»

አባትየው ከእናትየው ቀድሞ ገባቸው። «ገባኝ! ኩላሊት ብቻ የሚገዛ ደንበኛ ነበረኝ። ጉበት በኩላሊት ቅርጽ ቆርጬ ብሰጠው እንኳ በጣቱ ነክቶ ይመልስልኛል። ያንቺ አንቲቦዲ እሱ ነው። ያኛው ባክቴሪያ ደግሞ የሰጡትን ጠቅልሎ የሚሄደው ነው።»

«ልክ ነህ፣ አባዬ። እኔ እንደዚህ አድርጌ አላስረዳሁም።»

እናትየው ግን አልሳቁም። መጥተው ከባላቸው አጠገብ ተቀመጡ። «ያላደረግከውን አድርገሃል አልኩህ» አሉ። «በልጅህ ፊት።» አባትየው እግራቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁላቸው። «በይ ተይው። ያን ወንበር ሥር የተገኘውን ግን በእውነት አምልጦኝ ነው» አሉ፤ ያኔ ሴትየዋ ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባቸው።

መርፌው ሥራውን ሠራ። የአባትየው ፊት ደም መለሰ፤ ምላሳቸው ዳነ። እግራቸው ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ከጣቶቻቸው ጫፍ የቀረ ድንዛዜ አለ፤ ሐኪሙም ዘግይቶ የተያዘ ነርቭ እንዲህ ነው አለ። ላቦራቶሪው የይደገምን ፍተሻ አጸደቀው። የባክቴሪያ እናት ቱቦዎቻቸውን አልጣሉም፤ ለብዙ ሥራ አሁንም ያስፈልጋሉ። ነገር ግን ከአልጌ የተሠራ ማንኛውም ነገር ሲመጣ ወደ ቫይታሚን ክፍል ራሳቸው ይዘውት ይሄዳሉ። ለአዳዲስ ሠራተኞችም፣ «ጥያቄ ሲጠይቋት የምትደሰት ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሂዱና እዩ» ይሏቸዋል።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ባለ ኩሬው አዲስ ክኒን ሠርቶ አመጣ፤ በአልጌው ላይ እውነተኛውን ቫይታሚን የጨመረበት። በአጋጣሚ አባትየውም የዚያን ቀን የልጃቸውን መሥሪያ ቤት ለማየት መጥተው እንግዳ መቀበያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ይደገም አስተዋወቀቻቸው። ባለ ኩሬው ማን እንደሆኑ ሲገባው የክኒኑን ሣጥን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«አባባ፣ ምን ብዬ ይቅርታ ልበልዎ?»

«እናትህ እንዴት ናት?» አሉት።

«ደኅና ናት። በጊዜ ደረስንላት።»

«ተመስገን። አንተም አልዋሸህም፣ እኔም አልዋሸሁም። ተቀመጥ።»

አዲሱ ክኒን ሳህኗ ላይ ሲወጣ ቫይታሚኑ አለ፤ ሆኖም ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው አነስ ይላል፤ ሲቀላቀል በእኩል አልተዳረሰም። ይደገም ወጥታ ስትነግረው ባለ ኩሬው አልተከራከረም። «ሌላ ሠርቼ እመጣለሁ» ብሎ ሣጥኑን አነሣ። አባትየውም ለመሄድ ተነሡ። ደረጃው ጋ ሲደርሱ ብረቱን ይዘው እግራቸውን ቀስ አድርገው ፈለጉ፤ ባለ ኩሬው ሣጥኑን ወደ አንድ ብብቱ አዛውሮ ክንዱን ሰጣቸው። ይደገም ከላይ ሆና አየቻቸው። ስለ አልጌ አደራረቅ እያወሩ፣ አንድ አንድ ደረጃ ሲወርዱ።